ደረቅ ጓንት

ሽንት ቤት ውስጥ የሚወራ ነገር ሁሉ ኩሽና ድረስ ይሰማል። ቤቱ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል፤ ሚጣም ስልክ ስታወራ ሁልጊዜ ቧንቧውን የምትከፍተው ለዚህ ነው። የዚያን ዕለት ጠዋት ግን ውሃ ሄዶ ነበር። እታለም ኩሽና ቆማ ሻይ እየቀዳች ሳለ የታናሽ እህቷን ድምፅ ከግድግዳው ወዲያ ሰማች። «አይ፣ አታውቅም» አለች ሚጣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «የጉልበቷን ሕመም የነገርኳቸው እኔ መሆኔን ብታውቅማ አንድ ቤት አንኖርም... ምን ላድርግ ታዲያ? የእሷ ስም እኮ ነበር መጀመሪያ የተላለፈው... ዛሬ ደግሞ ለፈተናው ቁስለኛ ሆና ትመጣለች አሉኝ። እስቲ አስበው!» ከዚያ ሳቀች። አጭር ሳቅ ነበር፣ የደስታም አይመስልም፤ በእታለም ጆሮ ውስጥ የቀረው ግን ሳቁ ብቻ ነው። ማንቆርቆሪያውን ያስቀመጠችው ሻዩ ከብርጭቆው ተርፎ ጣቷን ሲያቃጥላት ነው።

ሁለቱም የከተማው አምቡላንስ ነርሶች ናቸው። የታላቂቱ ስም ሌላ ነው፤ ታናሿ አፍ ከፈታች ጀምሮ «እታለም» ስላለቻት ግን መሥሪያ ቤቱም ሳይቀር በዚሁ ይጠራታል። ሥራው ላይ መጀመሪያ የገባችው እሷ ናት። ሚጣን እጇን ይዛ ያስገባቻት፣ በሚሮጥ መኪና ውስጥ የጠፋ ደም ሥር እንዴት እንደሚገኝ ያሳየቻት፣ የመጀመሪያው በሽተኛ ሲሞትባት ከኋላ በር አውርዳ ፊቷን ያጠበቻት እሷ ናት። ባለፈው ዓመት አንድ ሰው ጠመንጃ ይዞ አዳራሽ ውስጥ ገብቶ ሲተኩስ፣ እታለም አምቡላንሱ ውስጥ ሆና መንገዱ ጥግ ላይ ትጠብቅ ነበር። ደንቡ እንደዚያ ነበርና፤ ፖሊስ «ጸድቷል» እስኪል ድረስ የሕክምና ሰው አይገባም። «ጸድቷል» እስኪባል ግን ከውስጥ የሚሰማው ጩኸት እየሳሳ ሄደ። በመጨረሻ በሩ ተከፍቶ ስትገባ፣ እግሩን ጠበቅ አድርጎ የሚያስርለት ሰው ቢያገኝ ኖሮ ቤቱ ይገባ የነበረ ጎልማሳ ደሙን ጨርሶ ጠበቃት። ያን ሰው እስከ ዛሬ በሕልሟ ታየዋለች።

ሥልጠናው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ከፖሊስ ጋር ተጣብቀው ተኩሱ ሳያባራ የሚገቡ፣ ደም አቁመው ቁስለኛውን ጎትተው የሚያወጡ ነርሶች ይመረጣሉ ተባለ። እታለም የመጀመሪያዋ እኔ ነኝ ብላ ነበር። ሌሎቹም አንቺው ነሽ ብለዋት ነበር። ከዚያ አንድ ቀን አለቃዋ ጠርተው «ለወጣቶቹ ቅድሚያ እንስጥ ብለናል» አሏት፣ ዓይኗን ሳያዩ። እሷም «ደግ» ብላ ወጣች። በማግስቱ ሚጣ የጥይት መከላከያ ሰደርያና አዲስ ቡትስ ተሸክማ ቤት ገባች። ሰደርያው እታለም ካፖርቷን በምትሰቅልበት ሚስማር ላይ ተሰቀለ። የቡትሱ የቆዳ ሽታ ሁለቱ የሚተኙበትን ክፍል ሞላው። እታለም ለሳምንታት ያን ሽታ እያሸተተች ተኛች፣ እያሸተተች ተነሣች፤ ዕድሌ ነው፣ ዕድሜዬ ነው እያለችም ራሷን አባበለች። ሰው ዕድልን ሊጣላው አይችልም። አሁን ግን የምትጣላው ሰው አገኘች።

ሻዩን ይዛ ሳሎን ስትገባ እናታቸው ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው የሚጣን ቡትስ በእርጥብ ጨርቅ እየወለወሉ ነበር። በዚያ ሁሉ ዓመት የእታለምን ጫማ አንድ ቀን ወልውለው አያውቁም፤ እሷም ይወልውሉልኝ ብላ አስባ አታውቅም፤ ዛሬ ግን አሰበች።

«የመጨረሻው ፈተና ዛሬ አይደል?» አሉ እናትየው ቀና ሳይሉ። «ቆሻሻ ጫማ አድርጋ አትሄድም። ደግሞ የሚያያት ይብዛ፤ ምቀኛ አያሳጣት!»

«አያሳጣት» አለች እታለም።

ሚጣ ፊቷን በጠርሙስ ውሃ ተጣጥባ ገባች። ሽንኩርት ስንት እንደገባ እናትየው አወሩ፤ ባለፈው ሳምንት በዚያ ዋጋ አንድ ኪሎ ሙሉ ይገኝ እንደነበር፣ አሁን ግማሹም ብርቅ መሆኑን። ሚጣ «ጉድ ነው» አለች። እታለም ዳቦዋን በሻይ እየነከረች እህቷን ተመለከተቻት። ሚጣ ፀጉሯን ለሄልሜቱ እንዲመች ጥብቅ አድርጋ ወደ ኋላ ጎንጉናዋለች፤ አንገቷ ረዘም ብሎ ታየ፣ አማረባትም። «እታለም፣ አደራሽን» አለች ሚጣ ቡትሷን እያሰረች፣ በፈገግታ። «ቁስለኛ ሆነሽ እንዳታስቂኝ። ሳቅ ከጀመርኩ አላቆምም።» እታለም «አላስቅሽም» አለች። ያሳደግኩት ውሻ ነከሰኝ የሚለው ተረት በሆዷ ሲመላለስ፣ እህቷን ውሻ በማለቷ ራሷም ደነገጠች፤ ተረቱን ግን አልመለሰችውም።

ሚጣን የሥልጠናው መኪና ከበር ወሰዳት። እታለም በታክሲ ሄደች። ቦታው ድሮ የጨርቅ መጋዘን የነበረ፣ አሁን ከእርግብ በቀር ማንም የማይኖርበት ሰፊ አዳራሽ ነው፤ መስኮቶቹ በካርቶን ተደፍነዋል፣ የሲሚንቶው ወለል የዘይት ጠባሳ አለበት። ለፈተናው ቁስለኛ መስለው የሚተኙት ሰዎች አንድ ክፍል ውስጥ ተሰብስበው እየተቀቡ ነበር፤ ግማሾቹ ተረኛ ያልሆኑ የአምቡላንስና የጽዳት ሠራተኞች፣ ግማሾቹ ለቀን አበል የመጡ ተማሪዎች። ለመቀደድ የተዘጋጀ አሮጌ ልብስ ይታደላል። አንዱ ሾፌር ሆዱ ላይ የላስቲክ አንጀት ተለጥፎለት «ሚስቴ ብታየኝ፣ ሆድህ መቼ ባዶ ሆኖ ያውቃል ትለኝ ነበር» እያለ ያስቃቸዋል። ለእታለም ጭኗ ላይ የላስቲክ ቁስል ተለጠፈ። ወገቧ ላይ ቀይ ውሃ የሞላ ከረጢት ታሰረ፤ ከከረጢቱ ደግሞ የግሉኮስ ዓይነት ቀጭን ቱቦ በሱሪዋ ውስጥ ለውስጥ እስከ ቁስሉ ወረደ። ለብቻዋ አንብባ እንድትመልሰው የተሰጣት ካርድ እንዲህ ይላል፦ ጭኗን በጥይት ተመታለች፤ ደሟ በኃይል ይፈሳል፤ መናገር ትችላለች፤ በቶሎ ካልታሰረች ትሞታለች።

አሠልጣኙ ጡረታ የወጡ የጦር ሜዳ ሐኪም ናቸው፤ ሁሉም «ሻምበል» ይላቸዋል። ቀጭን፣ ድምፃቸው የማይጮህ ሰው ናቸው። ፈተናው ሊጀመር ሲል ሠልጣኞቹን አሰልፈው የተናገሩትን ቁስለኞቹም ከወለሉ ላይ ሆነው ሰሙት። «ተኩስ ባለበት ቦታ ሁለት ነገር ብቻ ነው የምትሠሩት፤ ደም ታቆማላችሁ፣ ሰውየውን ታወጣላችሁ። መርፌ የለም፣ ማባበል የለም። የማይድነውን ትታችሁ ታልፋላችሁ። ሙት ይዞ ይሞታል ሲባል አልሰማችሁም? ሊድን የሚችለው ከሞተባችሁ ግን አላለፋችሁም፤ ምንም ያህል ብትሮጡ።» እታለም ከመግቢያው በር አጠገብ ተኝታ ነበር፤ መጀመሪያ የምትገኘው እሷ ናት። ሲሚንቶው ቀዝቃዛ ነው፤ ጉልበቷ ገና ከአሁኑ ይጠዘጥዛት ጀምሯል። ሁልጊዜ ከምታስረው ፋሻ በታች አብጦ እንደሆነ ሳታየው ታውቃለች።

ፊሽካ ተነፋ። የሻምበል ረዳት የቱቦዎቹን መክፈቻ እየከፈተ ሮጦ አለፈ፤ ድምፅ ማጉያው የተኩስና የጩኸት ቅጂ ለቀቀ፤ ጭሱ ከማዕዘን ተነሣ። እታለም ያን ጊዜ ያደረገችውን አስቀድማ አስባበት አታውቅም፤ ቢጠይቋትም ማስረዳት አትችልም ነበር። እጇ ወደ ወገቧ ሄደና ቱቦውን በሁለት ጣቶቿ መሃል አጠፈችው። ነርስ ሁሉ የሚያደርገው ነው፤ ግሉኮስ ለአፍታ ሲቆም እንዲህ ይያዛል። የተመታውን እግሯን አጥፋ ከሥሯ ከተተችው፣ በጎኗም ተኛችበት። መገጣጠሚያው ትንሽ ስለሚያንጠባጥብ ጣቶቿ እርጥብ እርጥብ አሉ፤ ጭኗ ላይ ግን ምንም አልፈሰሰም።

ሁለት ፖሊሶች ተጎንብሰው ገቡ፤ ከኋላቸው ሚጣ፣ ከሚጣ ኋላ አብሯት የሚሠለጥን አንድ ረጅም ነርስ። ሚጣ ተንበረከከች። ከሄልሜቱ ሥር ያለው ፊት የቤቷ ሚጣ አልነበረም፤ ላብ ያዘለ፣ የረጋ፣ ዓይኑ የማይባክን ፊት ነው። እታለም ያን ፊት አይታው አታውቅም። የራሷ ፊት ባለፈው ዓመት አዳራሹ ጋ እንደዚያ ይመስል እንደነበር የሚነግራት ሰውም የለም።

«የት ነው የተመታሽው?» አለች ሚጣ።

«እጄን ነው። እጄን ብቻ። እኔ ደህና ነኝ፣ ወደ ሌሎቹ ሂጂ።»

የሚጣ እጆች አንገቷን፣ ብብቷን፣ ጀርባዋን ዳሰሱ። አንዱ እጅ በታጠፈው እግር ሥር ሾልኮ ጭኗን ነካና ወጣ። ሚጣ ጓንቷን ወደ በሩ ብርሃን አነሣችው። ነጭ ነው፤ ደረቅ ነው። ለአንዲት ቅጽበት እህቷን ዓይን ዓይኗን አየቻት። ከዚያ ቀላል ቁስለኛ ማለት የሆነውን አረንጓዴ ካርድ ደረቷ ላይ አሰረችላትና «እዚሁ ቆይ፣ እመለሳለሁ» ብላ ሄደች።

እታለም ቱቦውን ለቀቀችው። ውሃው ቀዝቃዛ ነበር። ቀስ ብሎ ከሱሪዋ አልፎ ሲሚንቶው ላይ ተንጣለለ፤ ወገቧን፣ ክርኗን አራሰው። እዚያው ተኝታ እህቷን ተመለከተች። ሚጣ ሾፌሩን አለፈችው፤ እሱ እየጮኸ ነውና ትንፋሽ አለው። ዝም ያለችውን ተማሪ አገኘቻት፤ ክንዷን አሰረችና ማጥበቂያውን አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ አዙራ ቆለፈችው። የተማሪዋን ጆሮ ተጠግታ «አይዞሽ እናቴ፣ እኔ አለሁ» አለቻት፤ ይህ የእታለም አነጋገር ነው፤ ቃሉም፣ ዜማውም፣ «እናቴ» ላይ ዝግ ማለቱም። ማን ሰጣት? ራሷ ናት የሰጠቻት። ጉልበቷን ወሰደች፣ ቦታዋን ወሰደች፣ አሁን ድምፅዋንም ይዛው ሄዳለች። እታለም አንድ ቃል ብትጮህ ሚጣ ትመለስ ነበር። አፏ ግን አልከፈትም አለ። ቀይ ውሃው ውስጥ ተኝታ ቀረች፤ እህቷም ሰው ላይ ሰው እያዳነች ከጭሱ ወዲያ ራቀች።

ፊሽካው እንደገና ሲነፋ መብራት በራ። ሻምበል በየቁስለኛው እየዞሩ ካርዱን ያያሉ፣ ማሰሪያውን ይነካሉ፣ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ሠልጣኞቹ ሁሉ ጥሩ ሠርተዋል። በሩ ጋ ሲደርሱ ግን ቆሙ። ኩሬው አረንጓዴውን ካርድ ጫፉን አቅልቶት ነበር።

«ይቺ ሞታለች» አሉ። «ማን ነው ያያት?»

«እኔ ነኝ» አለች ሚጣ።

«ፈትሸሻታል?»

ረጅሙ ነርስ «እጇን ስትሰድ እኔ ራሴ አይቻ—» ሲል ሚጣ በዓይኗ አስቆመችው። ሚጣ ወደ እታለም ፊት አልነበረም የምታየው፤ ወደ እጇ ነው። የእታለም አውራ ጣትና ሌባ ጣት ጫፋቸው ቀልቶ ነበር፤ ሌላው ጣት ንጹሕ ነው። ነርስ ለሆነ ሰው ከዚያ በላይ ምስክር አያስፈልግም። በአዳራሹ ውስጥ ካሉት ሁሉ ያን ያነበበችው እሷ ብቻ መሰለች።

«አልፈተሽኳትም» አለች ሚጣ። «ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ሻምበል ማስታወሻቸው ላይ አንድ ነገር ጻፉ። «እንግዲያው የሚቀጥለውን ዙር ትጠብቂያለሽ» አሏት። ቆጣ እንኳ አላሉም።

እታለም ደስ አላት። ይህን መካድ አይቻልም። ልብሷን ልትቀይር ስትነሣና ጉልበቷ ሲከዳት፣ ግድግዳውን ይዛ ስታነክስ፣ ደስታው ደረቷ ውስጥ እንደ ሙቅ ነገር ተቀምጦ ነበር። የመታጠቢያው ውሃ ቀዩን ከጣቷ ሲያስለቅቀው ግን ደስታውም አብሮ እየቀጠነ ሄደ፤ ልትይዘው ሞከረች፣ አልተያዘም። ሱሪዋን ለብሳ ስትወጣ ሚጣ ደጃፍ ላይ ቆማ ትጠብቃታለች። አብረው ታክሲ ያዙ። ሚጣ እንደ ወትሮው የሁለቱንም ከፈለች። መንገዱን ሙሉ ሰደርያዋን እንደ ሕፃን ጭኗ ላይ አቅፋ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየች። የታክሲው ረዳት «ወራጅ አለ?» ባለ ቁጥር ሁለቱም ቀና ይላሉ፣ ሁለቱም መልሰው ያቀረቅራሉ።

እናትየው በሩን የከፈቱት ፈገግ ብለው ነበር። ሚጣ ቡትሷን አውልቃ «ወደቅኩ፣ እማዬ» አለችና ወደ መኝታ ቤት አለፈች። እናትየው መሃል ሳሎን ቆመው ቀሩ።

«ዓይን ነው!» አሉ በመጨረሻ። «የሰው ዓይን ነው የበላት! ጠዋት እንደዚያ አምራ ወጥታ... አንቺስ እዚያው ነበርሽ አይደል? ምነው እህትሽ ስትሳሳት አንድ ነገር ብትያት?»

«አይፈቀድም» አለች እታለም። እውነት ነበር፤ አይፈቀድም። እናትየው ግን ፊቷ ላይ የሆነ ነገር ያዩ ይመስል ጥያቄውን ሳይደግሙ ወደ ኩሽና ገቡ። ድስት ሲከደን ተሰማ።

መኝታ ቤት ውስጥ ሚጣ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ጉንጉኗን ትፈታ ነበር። እታለም በሩን ዘጋችና ሳትቀመጥ «ጉልበቴን ለምን ነገርሻቸው?» አለች።

የሚጣ እጅ ፀጉሯ ላይ ቀረ። «ጠዋት ሰማሽኝ ማለት ነው።»

«ለምን?»

«ያን ሽማግሌ ከፎቅ ስናወርድ ደረጃው ላይ ቁጭ ያልሽው ጊዜ ትዝ ይልሻል? ቃሬዛውን ለብቻዬ በደረቴ ነው የያዝኩት። ለማንም አልተናገርኩም። ተኩስ መሃል እንደዚያ ብትቀመጪስ? ሻምበል ጥለሽ እለፊ ይላሉ። እኔ አንቺን ጥዬ አላልፍም። እዚያው እቀመጣለሁ፣ ሁለታችንንም ይጨርሱናል። እማዬ ማን ይቀራታል?»

«ለእኔ መንገር ትችዪ ነበር።»

«ብነግርሽ ትሰሚኝ ነበር?»

«ጥዬሽ አላልፍም ትያለሽ» አለች እታለም፤ «ዛሬ ግን ጥለሽኝ አለፍሽ።»

ሚጣ ቀና ብላ አየቻት። «እጄን ብቻ ነው ያልሽኝ አንቺ ነሽ» አለች። «አመንኩሽ።»

እታለም ስልኳን ይዛ ወደ በረንዳ ወጣች። ፀሐይ ልትጠልቅ ነው፤ ከታች ልጆች በጎማ ኳስ ይንጫጫሉ፣ ጎረቤት ልብስ ያስገባል። ሻምበል ቶሎ አነሡት። እሷም ሳትቆም፣ ትንፋሽ ሳትወስድ ነገረቻቸው፤ ቱቦውን አጥፋ እንደያዘች፣ እህቷ እንደፈተሸቻት፣ ጓንቱ ደረቅ እንደነበር። ጥፋቱ የእሷ እንጂ የእህቷ እንዳልሆነ፣ ውጤቱም እንዲስተካከል ለመነቻቸው።

«አይቼሻለሁ» አሉ ሻምበል። «ከላይ ካለው ሰገነት ላይ ነበርኩ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«እውነተኛው ቦታ ላይ ሰው አይዋሽም ያለሽ ማነው? ልጄን አስቀድሙልኝ ብሎ ቁስሉን የሚደብቅ አባት የለም? ፈርቶ የሚደብቅ የለም? እህትሽ እግር ታጥፎ አየች፤ ዘርግታ፣ ሱሪውን ቀድዳ ማየት ነበረባት። የምታውቀው ሰው ስለሆነ ቃሉን ይዛ ሄደች። የወደቀችው በዚያ ነው፤ ውጤቱ አይለወጥም።» ቀጥለውም «የአንቺ ነገር ሌላ ነው» አሉ። «እሱን እኔ አላርመውም። ደህና አምሺ።»

ወደ መኝታ ቤት ስትመለስ እግሯን እየጎተተች ነበር። ሚጣ አልተንቀሳቀሰችም። «ለሻምበል ደወልኩ» አለቻት እታለም። «ሁሉንም ነገርኳቸው። ያው ነው አሉ።»

«አውቃለሁ» አለች ሚጣ። «እኔም ጣትሽን አይቼዋለሁ።»

«ለምን አልተናገርሽም?»

«ምን ብዬ? እህቴ ሞተችብኝ ብዬ? ወይስ እህቴ ገደለችኝ ብዬ?» አለች ሚጣ። ከዚያ የእታለምን እግር አየች፤ መሬቱን በጣቶቿ ብቻ እንደምትረግጥ። «ተቀመጪ» አለቻት።

እታለም የራሷ አልጋ ላይ ተቀመጠች። ሚጣ ተነሥታ ከሰደርያዋ ኪስ አፉ ጎበጥ ያለውን የነርስ መቀስ አወጣችና ከፊቷ ተንበረከከች። «የት ነው የሚያምሽ?»

«ጉልበቴን።»

«ሌላ ቦታስ?»

«ጉልበቴን ብቻ ነው።»

ሚጣ ይህን ሰምታ እንዳልሰማች ሆነች። የሱሪውን ጫፍ ቁርጭምጭሚቱ ጋ ያዘችና መቀሱን አስገባች። ሱሪው አሮጌ አልነበረም፤ እታለም ለሥራም ለለቅሶም የምትለብሰው፣ አንድ ያላት ደህና ሱሪ ነው። «ሚጣ...» አለች፤ ሌላ ቃል ግን አልጨመረችም። መቀሱ ባትን አለፈ፣ ፋሻውን አልፎ ጉልበትን አለፈ፣ ሳይቸኩልም ሳይቆምም ወደ ጭኗ ወጣ። እናትየው ራት ቀርቧል ሊሉ በሩን ከፈት አድርገው «ምን ነካችሁ! ጨርቁ ምን አደረገሽ?» ብለው ጮኹ። ማንም አልመለሰላቸውም። ሚጣ ጨርቁን ወዲያና ወዲህ ገለጠችና እጇን ከዳሌዋ እስከ ተረከዟ፣ ከሥርም ከላይም፣ አንድም ቦታ ሳትዘልል ታስኬደው ጀመር። አቆራረጡ እንደ ማስመሪያ ቀጥ ያለ ነበር። እታለም በዚያ ሁሉ የሥራ ዘመኗ እንዲህ ቀጥ አድርጋ ቆርጣ አታውቅም፤ በዚያችም ሰዓት እንኳ፣ እንባዋ እየወረደ፣ ይህን ሳታይ አላለፈችም።